የቤትና የይዞታ ባለቤትነትን ማጣራት በኢትዮጵያ

ባለቤትነትን ማጣራት ማለት አንድ ቤት ወይም ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት በሕግ የማን እንደሆነ፣ ዕዳ ወይም እገዳ ይኑርበት እንደሆነና በእጁ የያዘው ሰው ለሌላ ሊያስተላልፈው ይችል እንደሆነ ከመዝገብና ከሰነድ አይቶ ማወቅ ነው። በኢትዮጵያ ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ቤት ገዢዎች፣ ወራሾች፣ አበዳሪ ባንኮች፣ ፍርድ ቤቶችና በውጭ አገር ሆነው ንብረታቸውን በተወካይ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ከአንድ ቦታ አይገኝም። በተለምዶ «ካርታ» የሚባለው የይዞታ ማረጋገጫ የምርመራው መነሻ እንጂ መጨረሻ አይደለም። አንድ ቤት ለሁለት ሰው የሚሸጠውና በሐሰተኛ ካርታ የዕድሜ ልክ ቁጠባ የሚጠፋው በአብዛኛው ካርታውን ማየት በቂ ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ባለቤት እና ባለይዞታ

በኢትዮጵያ «ይህ ቦታ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ አለው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ እንደሆነና መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ እንደሆነ ይደነግጋል። ያው አንቀጽ በንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት እንዳለው ይገልጻል። ይህ መብት የመሸጥ፣ የመለወጥና የማውረስ መብትን ይጨምራል።

ስለዚህ ግለሰቡ የቤቱ «ባለቤት»፣ የቦታው ደግሞ «ባለይዞታ» ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ሁለቱ ቃላት ይደባለቃሉ፤ ደላላም «ቦታ ይሸጣል» ይላል። በውል ላይ የሚጻፈው ግን የቤት ሽያጭ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ባዶ ቦታን የሚሸጥ ውል ገና ከመነሻው ሕጋዊ መሠረት የለውም፤ ስለዚህ ሻጩ እውነተኛ ባለይዞታ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ገዢውን አያድነውም።

ታሪክ

መሬት የማን እንደሆነ በጽሑፍ መያዝ በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ ነው። በመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ለአብያተ ክርስቲያናትና ለመኳንንት የሰጡት ጉልት በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይመዘገብ ነበር። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭም ከዋጋውና ከምስክሮቹ ስም ጋር በቤተ ክርስቲያን የብራና መጻሕፍት ላይ ይጻፍ እንደነበር የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ ባጠናቸው ሰነዶች ታይቷል። ወንጌሉ ከቤተ ክርስቲያን ስለማይወጣና ሐሰት መጻፍ ስለሚያስፈራ የዘመኑ አስተማማኝ የመረጃ ቋት እሱ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመናዊ የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ለማቋቋም ከቁጥር 1553 እስከ 1646 ድረስ ረጅም ክፍል ሰጥቶት ነበር። ነገር ግን ይኸው ሕግ በመሸጋገሪያ ድንጋጌው (ቁጥር 3363) መዝገቡ በነጋሪት ጋዜጣ በሚታወጅ ሌላ ቀን ሥራ ላይ እንዲውል አስተላለፈው። ያ ቀን ሳይመጣ ዘመኑ ተለወጠ። በመሆኑም ምዝገባው በየማዘጋጃ ቤቱ በነበረው ልማድ እየተመራ ቀጠለ።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሁለት አዋጆች አወጣ። አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው ተፈቀደ። ከተወረሱት ቤቶች ውስጥ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ 100 ብርና ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ይህ ክፍፍል ዛሬም በማጣራት ሥራ ላይ ይታያል። በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች በአንድ ግቢ ውስጥ የግል ቤት፣ የቀበሌ ቤትና የኪራይ ቤቶች ቤት ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። የኪራይ ቤቶቹ ዛሬ በፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሥር ናቸው።

የሊዝ ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 80/1986 ተጀመረ። በ1994 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቶ፣ በመጨረሻ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ወጣ። ከዚህ በኋላ የከተማ ይዞታዎች በሁለት ወገን ተከፈሉ፦ ከሊዝ በፊት የተገኙት «ነባር ይዞታ»፣ በጨረታ ወይም በምደባ የተሰጡት ደግሞ «የሊዝ ይዞታ» ይባላሉ። በሊዝ የተሰጠ መኖሪያ ቦታ ዘመኑ 99 ዓመት ነው።

ካርታው ምን ያረጋግጣል?

በሚንቀሳቀስ ዕቃ ረገድ ሕጉ ለያዥው ያደላል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1193 መሠረት ግዙፍነት ያለውን የሚንቀሳቀስ ዕቃ በእጁ የያዘ ሰው ባለቤቱ እንደሆነ ይገመታል። በሬ ወይም ስልክ ሲሸጥ ሰው ካርታ የማይጠይቀው ለዚህ ነው። በቤት ላይ ግን ይህ ግምት አይሠራም። አንድ ሰው በቤቱ ውስጥ ሃያ ዓመት መኖሩ፣ ቁልፍ መያዙ ወይም መብራትና ውሃ በስሙ መክፈሉ ባለቤት አያደርገውም።

ለማይንቀሳቀስ ንብረት ግምቱ የሚመጣው ከሰነድ ነው። ቁጥር 1195 የአስተዳደር ባለሥልጣን ንብረቱ የእገሌ ነው ብሎ የባለቤትነት ማረጋገጫ የሰጠው ሰው ባለቤት እንደሆነ ይቆጠራል ይላል። «ይቆጠራል» የሚለው ቃል ሊታለፍ አይገባም፤ ግምቱ ሊፈርስ ይችላል። ቁጥር 1196 ግምቱ የሚፈርስባቸውን መንገዶች ዘርዝሯል። ማረጋገጫው ሕግን ባልተከተለ አሠራር ወይም ሥልጣን በሌለው አካል የተሰጠ ከሆነ፣ የተሰጠው ዋጋ በሌለው ጽሑፍ መነሻነት ከሆነ፣ ወይም ተከራካሪው ንብረቱን ያገኘው ማረጋገጫው ከተሰጠ በኋላ መሆኑን ካስረዳ ባለካርታው ሊረታ ይችላል።

ሦስተኛው ነጥብ ለገዢ በጣም አሳሳቢ ነው። ካርታው እውነተኛ፣ ማኅተሙም ትክክለኛ ሆኖ ሳለ ቤቱ ካርታው ከወጣ በኋላ በሽያጭ፣ በስጦታ ወይም በፍርድ ወደ ሌላ ሰው ተላልፎ ሊሆን ይችላል። በሻጩ እጅ ያለው ወረቀት ይህን አያውቅም። ካርታ የወጣበትን ቀን ሁኔታ ብቻ የሚያሳይ ፎቶ ነው፤ የዛሬውን ሁኔታ የሚያውቀው በመሬት ጽሕፈት ቤት ያለው ማኅደር ነው።

የግብር ደረሰኝም እንዲሁ ነው። የቤትና የቦታ ኪራይ ግብር መክፈል የይዞታ ታሪክን ለማስረዳት ይረዳል፤ በተለይ ማኅደር በጠፋበት ጊዜ ትልቅ ጥቅም አለው። ብቻውን ግን የባለቤትነት ማረጋገጫ ሆኖ አይቆምም። የቆዩ ደረሰኞችን በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ የብዙ አረጋውያን ልማድ ሲሆን ልማዱ ከንቱ አይደለም።

ማኅደርን ማየት

ማጣራት የሚጀመረው ማኅደሩ የት እንዳለ በማወቅ ነው። ይህ በራሱ ሥራ ነው። በአዲስ አበባ የአስተዳደር ክልሎች በተደጋጋሚ ተለውጠዋል። በደርግ ዘመን ከተማዋ በ25 ከፍተኛ ተከፍላ ነበር። ከዚያ ወረዳዎች መጡ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ 10 ክፍለ ከተሞች ተቋቋሙ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ አሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ ሆነ። ስለዚህ ቦሌ ክፍለ ከተማ የሰጠው ካርታ ማኅደሩ ዛሬ ለሚ ኩራ ሊሆን ይችላል። በአሮጌ ሰነድ ላይ ያለው የወረዳ፣ የቀበሌና የቤት ቁጥርም ከአሁኑ ጋር አይገጥምም። በመረጃ ቋት አነጋገር የመለያ ቁልፉ በየጊዜው ተቀይሯል፤ አሮጌውን ከአዲሱ የሚያገናኘው ሠንጠረዥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው በአንድ አንጋፋ የማኅደር ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ገዢ ብቻውን ሄዶ የሌላን ሰው ማኅደር ማስወጣት አስቸጋሪ ስለሆነ የተለመደው አሠራር ከሻጩ ወይም ከሕጋዊ ተወካዩ ጋር አብሮ መቅረብ ነው። ሻጭ አብሮ ለመሄድ ሰበብ ካበዛ ያ ራሱ መረጃ ነው። በማኅደሩ ውስጥ የሚታዩት ዋና ነገሮች የካርታው ቁጥር፣ የቦታው ስፋትና ወሰን፣ የባለይዞታው ሙሉ ስም ከነአያት፣ ይዞታው እንዴት እንደተገኘ (በምሪት፣ በግዢ፣ በውርስ፣ በሊዝ)፣ የተሰጡ ምትክ ካርታዎች፣ የባንክ መያዣና የፍርድ ቤት እግድ ደብዳቤዎች ናቸው። ምትክ ካርታ በተለይ ልብ ሊባል ይገባል። «ጠፋብኝ» ተብሎ ምትክ ከወጣ የቀድሞው ካርታ ዋጋ ያጣል። ነገር ግን ወረቀቱ በሰው እጅ ሊቆይና እንደ ትክክለኛ ካርታ ለሌላ ገዢ ሊታይ ይችላል።

ቦታውን በአካል ማየትም የማጣራቱ ክፍል ነው። በካርታው ላይ ያለው ቅርጽና ስፋት በመሬት ላይ ካለው አጥር ጋር ካልተመሳሰለ ትርፉ ቦታ የጎረቤት፣ የመንገድ ወይም በማስፋፋት የተያዘ ሊሆን ይችላል። ጎረቤትን መጠየቅ በሕግ የተጻፈ ሥርዓት ባይሆንም ማኅደር የማይነግረውን ይነግራል፦ ቤቱ በወንድማማቾች መካከል ክርክር ላይ መሆኑን፣ ተከራዩ ለረጅም ጊዜ ውል እንዳለው፣ ከሳምንት በፊት ሌላ ገዢ መጥቶ መለካቱን።

ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት፣ በሰፊው ሕዝብ አጠራር «ውልና ማስረጃ»፣ ይረጋገጣል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ይህን ሥርዓት ስላልተከተሉ የቤት ሽያጭ ውሎች የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በሰበር መዝገብ ቁጥር 21448 የሰጠው ትርጉም በሕግ ተማሪዎች ዘንድ በሰፊው ይጠቀሳል። ውል መረጋገጡ ግን ስም ማዛወር አይደለም። በቁጥር 1185 መሠረት ባለቤትነት በውል ወይም በኑዛዜ የሚተላለፈው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ላይ ሲጻፍ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ፣ ማለትም ገንዘቡ ተከፍሎ ስሙ ገና ያልዞረበት፣ ገዢው በጣም የሚጋለጥበት ነው።

ቀብድ ከማጣራት በፊት መክፈል የተለመደ ስሕተት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ተቀባይ ውሉን ቢያፈርስ እጥፉን እንዲመልስ ያዛል (ቁጥር 1885)። እጥፉን ለመጠየቅ ግን ቀብድ ተቀባዩን ማግኘት ያስፈልጋል፤ ሐሰተኛ ሻጭ ደግሞ አድራሻ አይተውም።

ከማኅደር ውጪ ያሉ መብቶች

ማኅደሩ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሽያጩ ሊፈርስ የሚችልባቸው ሁኔታዎች አሉ። ብዙዎቹ ከቤተሰብ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የመጀመሪያው ጋብቻ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ ወይም ለማከራየት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ተጋቢ ድርጊቱን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ለማንኛውም ከ2 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ፣ ግዴታው እንዲፈርስ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። በካርታው ላይ «አቶ እገሌ» ብቻ መጻፉ ስለዚህ መልስ አይሆንም። ሻጩ ያላገባ ነኝ ካለ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጪ ያለ ጉዳይ በክልሉ ሕግ ይታያል።

ሁለተኛው ውርስ ነው። ባለካርታው ከሞተ በኋላ ልጆቹ በስማቸው ሳያዛውሩ ለዓመታት መኖር የተለመደ ነው። ከመካከላቸው አንዱ «የአባቴ ቤት ነው» ብሎ ሊሸጥ ሲነሳ ገዢው ማየት ያለበት ከፍርድ ቤት የተሰጠውን የወራሽነት ማረጋገጫ ነው (ቁጥር 996)። ይህም ቢሆን ሰውየው ወራሽ መሆኑን እንጂ ብቸኛ ወራሽ መሆኑን ሁልጊዜ አይናገርም። በውጭ አገር ያለ ወንድም፣ ከሌላ እናት የተወለደ ልጅ ወይም የሟች ሚስት ድርሻ በኋላ ሲመጣ ክርክሩ የሚወድቀው በገዢው ላይ ነው።

ሦስተኛው ውክልና ነው። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ ሆኖ ለዘመድ ውክልና የላከ ሰው ብዙ ነው፤ ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተረጋግጦ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ያልፋል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራን የመሥራት ሥልጣን ብቻ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ወይም በመያዣነት ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል (ቁጥር 2204 እና 2205)። «ማናቸውንም ሥራ እንዲሠራልኝ» የሚል ወረቀት የቱንም ያህል ማኅተም ቢበዛበት ቤት አያሸጥም። ከዚህም ሌላ ውክልና ሊሻር ይችላል፤ በመርህ ደረጃም ወካዩ ሲሞት ይቋረጣል። ስለዚህ የውክልናው ትክክለኛነት ብቻ ሳይሆን ዛሬም የጸና መሆኑ መጣራት አለበት። ወካዩን በስልክ ማነጋገር ነፃ ነው፤ ሆኖም የሚያደርገው ጥቂት ሰው ነው።

የባንክ መያዣ ከእነዚህ ይልቅ ለማግኘት ይቀላል፤ የሚጸናው በመዝገብ ሲጻፍ ስለሆነ በማኅደሩ ላይ ይታያል። ባንኮችም ከአዋጅ ቁጥር 97/1990 ጀምሮ በመያዣ የያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሐራጅ የመሸጥ ሥልጣን ስላላቸው ምዝገባውን አይዘነጉም።

የቀበሌ ቤት፣ ኮንዶሚኒየም እና ሰነድ አልባ ይዞታ

የቀበሌ ቤት ነዋሪ ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለም። ለሦስት ትውልድ ቢኖርበት፣ በራሱ ወጪ ቢያድሰውም ሊሸጠው አይችልም። በነባር ሰፈር ማጣራት የሚጀመረው «ቤቱ የግል ነው ወይስ የመንግሥት?» ከሚለው ጥያቄ ነው።

የጋራ መኖሪያ ቤት (ኮንዶሚኒየም) በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚመራ ሲሆን ባለቤትነቱ በሁለት ይከፈላል፦ የቤቱ ለግለሰቡ፣ የደረጃው፣ የጣራውና የግቢው ደግሞ ለሁሉም በጋራ። መንግሥት በዕጣ ያስተላለፋቸው ቤቶች ለ5 ዓመት እንዳይሸጡ ገደብ አለባቸው። ገደቡን ለማለፍ ባለዕድሉና ገዢው በብድር ውልና በውክልና ተሸፋፍነው መዋዋላቸው ይታወቃል፤ በእንዲህ ያለ ሁኔታ መዝገቡ የሚያውቀው ባለዕድሉን ብቻ ነው። እሱ ቢሞት፣ ቢፋታ ወይም ባለዕዳ ቢሆን ገዢው የሚያሳየው የባለቤትነት ሰነድ የለውም።

ሰነድ አልባ ይዞታ ደግሞ ካርታ ያልወጣለት ቦታ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በቀድሞ ማዘጋጃ ቤት ወይም ገበሬ ማኅበር የታወቁ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ በሌሊት ተሠርተው ስለሚያድሩ «የጨረቃ ቤት» ይባላሉ። አዲስ አበባ የሰነድ አልባ ይዞታዎችን ሥርዓት ለማስያዝ በ1988 እና በ1997 ዓ.ም. የተነሱ የአየር ፎቶግራፎችን እንደ ማስረጃ ተጠቅማለች። ቤቱ በፎቶው ላይ ከታየ ነዋሪው ቀድሞ ነበር ማለት ነው። ባለቤትን ለማወቅ ወረቀት ሲጠፋ ሰማይ የተጠየቀበት አሠራር ነው። ፎቶው ግን ቤት መኖሩን እንጂ የማን እንደሆነ ስለማያሳይ የጎረቤት ምስክርነትና የግብር ደረሰኝ ይታከሉበታል።

የገጠር መሬት

በገጠር ይዞታን መመዝገብ በትግራይ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ተጀምሮ ወደ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ ክልሎች ተስፋፋ። የመጀመሪያው ደረጃ ምዝገባ በገመድና በእርምጃ እየተለካ፣ ወሰንተኞች በተገኙበት፣ በቀበሌ የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ የሚሠራ ነበር። ወጪው በአንድ ቁራሽ መሬት 1 የአሜሪካ ዶላር ያህል ብቻ በመሆኑ በጥናቶች ዘንድ በርካሽነቱና በፍጥነቱ ተጠቅሷል። ደብተሩ የወሰንተኞችን ስም በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ይጽፋል፤ ካርታ ግን የለውም። በአማራ ክልል የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብረው እንዲሰፍሩ መደረጉ ሴቶች በፍቺና በውርስ ክርክር የሚያቀርቡት ማስረጃ አስገኝቶላቸዋል።

የሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ በአየር ወይም በሳተላይት ምስል ላይ የእያንዳንዱን ማሳ ወሰን በመሳል ለቁራሹ መለያ ቁጥርና ካርታ ይሰጣል። የገጠር መሬት አጠቃቀምን ለረጅም ጊዜ የመራው አዋጅ ቁጥር 456/1997 በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል።

የእርሻ መሬት ሊከራይ፣ ሊወረስና በሕግ በተወሰነ መንገድ በስጦታ ሊተላለፍ ይችላል፤ አይሸጥም። በከተሞች ዳርቻ ግን የእርሻ ማሳ እየተቆራረጠ «ወደፊት ከተማ ይገባል» በሚል ተስፋ ይሸጣል። የገበሬው ደብተር እውነተኛ ነው፤ ገበሬውም እውነተኛ ባለይዞታ ነው፤ ሽያጩ ግን የለም። ቦታው ለልማት ሲነሳ በመዝገብ የሚገኘው ባለይዞታ ገበሬው ስለሆነ የካሣ ጥያቄውም የሚቀርበው በእሱ ስም ነው።

ካዳስተር

በአዋጅ ቁጥር 818/2006 የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ ሥርዓት እስካሁን የተገለጸውን ችግር ከሥሩ ለመለወጥ የታሰበ ነው። በተለመደው አሠራር ጥያቄው የሚነሳው ከሰው ነው፤ አመልካች ይመጣል፣ ማኅደሩ ይፈለጋል። በካዳስተር ግን መነሻው መሬቱ ነው። ከተማው በሰፈር ተከፋፍሎ፣ በአንድ ሰፈር ያለው እያንዳንዱ ቁራሽ በተከታታይ ይለካል፤ ባለይዞታዎች ሰነድ እንዲያቀርቡና ወሰናቸውን ከጎረቤት ጋር እንዲያመለክቱ ይጠራሉ። ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ ጊዜ ይሰጣል። ከዚያ ቁራሹ የማይደገም መለያ ኮድ አግኝቶ መብት፣ ክልከላና ኃላፊነት በሚሉ ሦስት ርእሶች ይመዘገባል።

የማይደገም ኮድ ዋና ጥቅሙ ክፍለ ከተማ ቢከፈል፣ ቀበሌ ቢታጠፍ ወይም ቤቱ ቢፈርስ አለመለወጡ ነው። አንድ ቁራሽ አንድ ገጽ ብቻ ስለሚኖረው ለአንድ ቦታ ሁለት ካርታ ማውጣት ከባድ ይሆናል። በአንጻሩ «እገሌ ስንት ቤት አለው?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው የሰዎች መለያም አንድ ሲሆን ብቻ ነው። በኢትዮጵያ የአንድ ሰው ስም ከአባትና ከአያት ስም ጋር እንኳ ሊደጋገም ይችላል፤ በእጅ ጽሑፍም «ሐ»፣ «ሀ»፣ «ኀ» እየተቀያየሩ ስለሚጻፉ አንድ ሰው በመዝገብ ውስጥ ሦስት ሰው ሊመስል ይችላል።

በሌሎች አገሮች

የሌሎች አገሮች አሠራር ልዩነቱ በዋናነት መዝገቡን ማን ማየት ይችላል በሚለው ላይ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የመሬት መዝገብ ከ1862 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢኖርም ማንኛውም ሰው ክፍያ ፈጽሞ እንዲያየው የተፈቀደው በ1990 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። በዚያ አገር መዝገቡ ራሱ የባለቤትነት ምንጭ ነው፤ የእጅ ወረቀት ቢጠፋ መብቱ አይጠፋም።

በአሜሪካ መዝገቡ በየካውንቲው የሚያዝ የውሎች ክምችት ነው። ማን ለማን እንደሸጠ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይመረመራል፤ የሚቀረውን ስጋት የባለቤትነት ኢንሹራንስ ይሸፍናል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ግዛት የንብረት ግብር መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ የቤቱን አድራሻ በማስገባት የባለቤቱን ስም ያለ ክፍያ ማየት ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ገዢ ከሻጭ ጋር ተያይዞ ቢሮ የሚመላለስበት መረጃ ማለት ነው።

የእስራኤል ሁኔታ ለኢትዮጵያው የቀረበ ነው። አብዛኛው መሬት በመንግሥት የመሬት ባለሥልጣን የሚተዳደርና በሊዝ የሚሰጥ ሲሆን፣ የመሬት መዝገቡ ከኦቶማን ዘመን በወረሰው ስም «ታቡ» ይባላል። አፓርታማ የሚገዙ ቤተ እስራኤላውያን ከጠበቃቸው የሚሰሙት የመጀመሪያ ጥያቄ ቤቱ በታቡ፣ በመሬት ባለሥልጣኑ ወይስ በገንቢው ኩባንያ ዘንድ የተመዘገበ ነው የሚለው ነው፤ የማጣራቱ መንገድ በዚያ መልስ ይለያያል።